ለመቀመጫ የተሰጠኝን ኮምፒውተር የማልመልስባቸው ምክንያቶች

ለክቡር አቶ ዌን ጃኦሺያንግ
የዩንፑ ከተማ አስተዳደር የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ በገበያው ቤተ መቅደስ የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል ለከተማው ነዋሪ በሙሉ

ጉዳዩ፦ አሮጌውን ኮምፒውተር እንድመልስ ለተጻፈልኝ ደብዳቤ መልስ ስለመስጠት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ደህንነት፣ ለወንበርዎም ጽናት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። የዘንድሮው ሙቀት እጅግ የበረታ ቢሆንም የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለማቋረጥ እንደሚሠራ በመንገድ ሳልፍ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሙቀት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ በታች በዝርዝር ስለምጽፍ፣ ክቡርነትዎ ቢያንስ በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጠው እንደሚያነቡት ማወቄ አጽናንቶኛል።

በዚህ ወር በአምስተኛው ቀን የጻፉልኝ፣ ቀይ ማኅተም በሁለት ቦታ ያረፈበት ደብዳቤ በእጄ ደርሷል። ከድምፅ ቤት ወስጄ በቤተ መቅደሱ የጎን ክፍል ያስቀመጥኩትን አሮጌ ኮምፒውተር ከነሃርድ ዲስኩ በሰባት ቀን ውስጥ እንድመልስ፣ ባልመልስ ግን የመንግሥትን ንብረት ያለአግባብ በመያዝ እንደምጠየቅ ይነግረኛል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ማንበቤ ስላልገባኝ ሳይሆን፣ ማንኛውንም ነገር ሦስት ጊዜ ሳልለካ የማላምን ሰው ስለሆንኩ ነው። በሦስቱም ንባብ ውጤቱ አንድ ስለሆነ መልሴን እነሆ፦ አልመልስም።

ይህችን አንዲት ቃል ጽፌ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ ሁለት ማኅተም ላደረጉበት ደብዳቤ አንድ ቃል መመለስ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ምክንያቶቼን በቁጥር ለማቅረብ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ሰሌዳው ላይ የሚያነበው ሰው ግራ እንዳይጋባ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት ልበል።

ስሜ ዣን ፉቲየን ይባላል፤ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን፣ አርባ አንድ ዓመት በቶርኖ ላይ ቆሜ የሻይ መጠቅለያ ማሽኖችን ዘንግ ስቀርጽ ኖሬአለሁ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የተማርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን አሥራ አራት ጊዜ አሳድሼ ተውሼዋለሁ። በአሮጌው የሻይ ፋብሪካ ምድር ቤት ያለውን ድምፅ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያለ ደመወዝ ጠብቄአለሁ። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የከተማችን አዛውንቶች በሃካ ቋንቋችን የተናገሩትና ያንጎራጎሩት አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ተቀምጧል። ከተናጋሪዎቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሃያ ስድስት ናቸው።

ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ዩዌመይ ይመጣሉ። እትዬ ዩዌመይ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሲሆን፣ የሚያዳምጡትም ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንትን ነው። ተናጋሪው ባለቤታቸው የነበሩት ሟቹ ልዎ ቺንግሹይ ናቸው፤ ሻይ እንዴት እንደሚቆላ ይናገሩና በመጨረሻ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሰው የሚጠሩበትን ዜማ ያዜማሉ። እስከ ዘንድሮ ድረስ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እትዬ ዩዌመይ የቀሩት ሁለት ሐሙስ ብቻ ነው፤ አንዱ አውሎ ነፋስ የመጣ ቀን፣ ሌላው ዳሌያቸውን የታከሙበት ቀን ነው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ነገር መሃል ያለው ጥያቄ እኚህ ሴት ሐሙስ ሲመጡ የባላቸውን ድምፅ ያገኛሉ ወይስ አያገኙም የሚል ነው። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ። በሦስተኛው ወር ከክፍልዎ መጥተው የአሮጌውን ኮምፒውተር ፍጥነት ስለለኩልን አመሰግናለሁ። ልኬቱ የተካሄደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሁለት ሰዎች ቅጂ እያዳመጡበት ሳለ ነበር፤ ጠቅላላ የፈጀው ጊዜም የላኩት ሠራተኛ ከመኪናው ወርዶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመልሶ እስኪገባ ከነበረው ያንሳል። በወረቀቱ ላይ “በሰከንድ አሥራ አንድ ሜጋባይት፤ ያረጀ፤ ይወገድ” ተብሎ ተጻፈ። እኛ ቶርኖ ቤት አንድ ተማሪ ዘንጉ እየዞረ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ቢያስጠጋ ካሊፐሩን ቀምተን ወደ መጥረጊያው እንመልሰው ነበር። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ ያለውን ሰው ሪፖርት ላይ እንዲፈርም ያደርገዋል፤ የሥራ ባህላችን ምን ያህል እንደተሻሻለ ከዚህ ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ። የዚያ አሥራ አንድ ቁጥር ምክንያት ምን እንደሆነ ለማወቅ ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ጠዋት በሩን ዘግቼ፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ዲስኩን በቀጥታ የሚለካውን ትእዛዝ ሰባት ጊዜ አስኬድኩ። ሰባቱም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ባለው መሃል ሆኑ። በዚያ ዓይነት ዲስክ ላይ የተጻፈው ልክ ግን ከመቶ በላይ ነው። ያረጀ ዲስክ ጥቂት ይዘገያል እንጂ በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ አይዘገይም፤ አሥር እጥፍ የዘገየ ነገር ያረጀ ሳይሆን የታነቀ ነው። ሥርዓቱ በየጊዜው የሚጽፈውን መዝገብ ከፍቼ ሳነብ፣ ከዲስኩ የሚመጣው መረጃ በገመዱ ላይ እየተበላሸ፣ ኮምፒውተሩም ስህተት እንዳይበዛበት ብሎ ራሱን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት እንዳወረደ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት። መዝገቡ እንደሚለው ይህ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት በአሥራ ሁለተኛው ወር በሃያ አንደኛው ቀን ነው።

ያ ቀን ምን ቀን እንደነበረ ክቡርነትዎ ያስታውሱ ይሆናል። “ንጹሕ ገመድ፣ ንጹሕ ቢሮ” የሚል ዘመቻ አውጀው፣ የክፍልዎ ሰዎች በከተማው ያሉትን ኮምፒውተሮች ሁሉ ከፍተው የውስጥ ገመዶቻቸውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍንገው ፎቶ ያነሡበት ቀን ነው። ክዳኑን ስፈታ የዲስኩን ገመድ እንደ ዶሮ አንገት ተጠምዝዞ፣ በሦስት ማሰሪያ ታንቆ አገኘሁት። ማሰሪያዎቹን ቆርጬ አዲስ ገመድ አስገባሁ። እንደገና ሰባት ጊዜ ለካሁ፤ ትንሹ አንድ መቶ አንድ፣ ትልቁ አንድ መቶ ሰባት ሆነ። ሥርዓቱ ፋይል በተከፈተ ቁጥር የተከፈተበትን ሰዓት ዲስኩ ላይ የሚጽፍበት ልማድ ስላለው፣ ለማንም የማይጠቅም መዝገብ መሙላቱን ትቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ እሱንም ዘጋሁት። ይህን ዘዴ በኮምፒውተር ብቻ መሞከር የሚቻል መሆኑ ያሳዝነኛል።

በዚያው ሐሙስ እትዬ ዩዌመይ መጥተው ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንትን ሲነኩት ድምፁ ወዲያው ወጣ። ሴትዮዋ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡና “አንተ ፉቲየን፣ ምን አደረግኸው? ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ እንዲህ ቶሎ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም!” አሉኝ። “ገመዱን ነው የቀየርኩት” አልኳቸው። “ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ፤ ያኔ አትቀይርለትም ነበር?” አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ድምፁ እስኪነሣ ሲጠብቁ የቆዩት በእርስዎ ሦስት ማሰሪያ ምክንያት መሆኑን አልነገርኳቸውም። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛ። ይህን ሁሉ ከአሥራ አራቱ ልኬት ሰንጠረዥ ጋር፣ የተቆረጡትን ማሰሪያዎችም በፖስታ ውስጥ አድርጌ በላክሁ ጊዜ ለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። “አስተያየትዎ ተመዝግቧል፤ የግዥው ሂደት ቀጥሏል።” አምስት ቃል ነው። ማሰሪያዎቹ አልተመለሱልኝም፤ እንደገና ሥራ ላይ ውለው ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

አራተኛ። በስድስተኛው ወር በአሮጌው ምትክ በተገዛው በአዲሱ ማሽን ምረቃ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቦታ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ቦታ የሰዎች ፊት ባይታይም የሚሠሩት ሥራ በደንብ ይታያል። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት የአቅራቢው ድርጅት ባለሙያ አንድ ትልቅ ፋይል አንድ ጊዜ ሲያነብብ አይቻለሁ። እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ያንኑ ፋይል እንደገና አነበበና በሰከንድ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሜጋባይት የሚል ቁጥር በግድግዳው ላይ አበራ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። እኔ ከኋላ ተነሥቼ፣ ሊኑክስ አንዴ ያነበበውን ፋይል በሚሞሪ ውስጥ እንደሚያቆየው፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ዲስኩን ጨርሶ ሳይነካ ከዚያው እንደሚሰጥ፣ ስለዚህም የተለካው ዲስኩ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ማሽኑ ገና ያላየውን ፋይል እንዲያነብም ለመንኩ።

ባለሙያው “አባባ፣ ቁጥሩ እኮ ግድግዳው ላይ ተጽፏል!” አለኝ።

“የተጻፈውንማ አየሁት፤ የተለካው ምኑ እንደሆነ ነው የጠየቅሁህ” አልኩት።

ይህን ጊዜ ክቡርነትዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው “አባባ ፉቲየን ከአሮጌው ማሽናቸው ጋር ፍቅር ስለያዛቸው ነው፤ ይቅርታ እናድርግላቸው” አሉ፤ አዳራሹም ሳቀ። ሰባ ስምንት ዓመት ስኖር ያልጠየቅሁትን ይቅርታ ያደረገልኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ውለታው በእኔ ላይ እንዳለ ይቆጠር፤ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ግን አይኖርም።

አምስተኛ። በዚህ ደሴት ላይ በማሽን አጠገብ የሚሠራ ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ከረጢት ያውቃል። በውስጡ የኮኮናት ጣዕም ያለው የበቆሎ መክሰስ አለበት፤ ስሙም ጨዋ ሁን እንደ ማለት ስለሆነ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን አጠገቡ እናኖረዋለን። የማሽን መብራት አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነው ማለት ስለሆነ ቢጫ ወይም ቀይ ከረጢት አይሆንም፤ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይበላውም፤ ቀኑ ሲያልፍበት በአዲስ ይለወጣል። በዚህ ልማድ የሚቀልድ ሰው አይደለሁም፤ በአሮጌው ኮምፒውተር አጠገብም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ከረጢት ነበረ። አጠገቡ ነው ያልኩት፤ በየስድስት ወሩም የምለውጠው እኔ ነበርኩ።

ክቡርነትዎ ግን አንድ ከረጢት ለአንድ ታላቅ ማሽን አይበቃም ብለው ለእያንዳንዱ የክብር እንግዳ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አሥራ ስምንት ከረጢት አደሉ። እንግዶቹም ተራ በተራ እየቀረቡ፣ ፎቶ እየተነሡ፣ ከረጢቶቹን በማሽኑ አናት ላይ አነጠፏቸው። የማሽኑ አናት አየር የሚወጣበት ወንፊት ነው። የአየር መውጫው እንዲህ ባለ ትጋት፣ በአሥራ ስምንት የክብር እጆች፣ በጭብጨባ ታጅቦ ሲደፈን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእነዚህ አዳዲስ ዲስኮች ጠባይ ደግሞ ሲሞቁ ራሳቸውን ለማዳን መዘግየት ነው፤ መሞቃቸው ካልቆመ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ቅጂዎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማዛወሩ ሥራ ከከረጢቶቹ በኋላ ወዲያው፣ በቀትር ተጀመረ። እንግዶቹ ምሳ ሄዱ፤ ባለሙያውም ምሳ ሄደ፤ ክቡርነትዎም ምሳ ሄዱ። ሲመለሱ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። አበሩት። በማግስቱ በሩ ላይ “ዝውውሩ መቶ በመቶ ተጠናቋል” የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።

እኔ በዚያ ቀን ዝውውሩን አልተጠራጠርኩም፤ ይህ ጥፋቴ ነው፤ እዚህ እመዘግበዋለሁ። ማሽኑ ጠፍቶ መነሣቱን እያየሁ፣ የተዛወረውን ሳልቆጥር ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልለካሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ስድስተኛ። አሮጌውን ኮምፒውተር ለቆራሌ ከመስጠትዎ በፊት እኔ እንድወስደው በጠየቅሁዎ ጊዜ ስላሳዩኝ ቸርነት አመሰግናለሁ። የንብረት ማስወገጃውን ቅጽ በፊቴ ሞሉት። “የዕቃው ዓይነት፦ ኮምፒውተር ከነሃርድ ዲስክ። ዋጋ፦ የለውም። ይዘት፦ የለውም። ተረካቢ፦ ዣን ፉቲየን፤ በቋሚነት።” ከዚያም ማኅተሙን አሳርፈው፣ በስኩተሬ እግር ማሳረፊያ ላይ ሳስቀምጠው እያዩ “ይውሰዱት አባባ፣ ለመቀመጫም ይሆንዎታል” አሉኝ። ከአጠገብዎ የነበሩት ሁለቱ ሠራተኞች ከተገቢው በላይ ሳቁ። ሰነዱ ዛሬ በመስተዋት ተለብጦ በቤተ መቅደሱ የጎን ክፍል ተሰቅሏል፤ ደብዳቤዎ “የመንግሥት ንብረት” የሚለው ዕቃ ከመንግሥት የወጣው በማን እጅ እንደሆነ ማንም ሰው መጥቶ ማንበብ ይችላል። ማኅተምዎ በጣም ግልጽ ነው፤ ከእንግዲህ ትንሽ ቀለም ቢቀንሱበት ሳይሻልዎ አይቀርም።

ሰባተኛ። ይህን ስጽፍ እጄ ስለሚጠነክር ፊደሉ ቢጎላ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከምረቃው በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሐሙስ እትዬ ዩዌመይ አራት ሰዓት ላይ መጡ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ። አዲሱ ማሽን ላይ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሲጠየቅ “አልተገኘም” አለ። እንደገና ጠየቅን፤ እንደገና “አልተገኘም” አለ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው “ምን ማለቱ ነው? ደግሞ ሞተ?” አሉኝ። ወደ ቢሮዎ ሰው ላክሁ። ክቡርነትዎ ተጠርተው መጡ።

“እትዬ፣ አዲሱ ማሽን ስህተት አይሠራም። ምናልባት ባለቤትዎ መጀመሪያውኑ አልተቀዱ ይሆናል” አሉ።

እትዬ ዩዌመይ “ስማ ልጄ፣” አሉዎት፤ “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የማን ባል ሲያዜም ሰማሁ ልትለኝ ነው?”

እርስዎም “በዕድሜ ብዙ ነገር ይደባለቃል፣ እትዬ” ብለው ሰዓትዎን አዩ፤ ስብሰባ ነበረብዎ።

እትዬ ዩዌመይ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም፤ በዚያ ቀን አውሎ ነፋስም ሆነ ሕክምና አልነበረም። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው “እውነት ደባልቄው ይሆን እንዴ፣ ፉቲየን? አንተም ሰምተኸው ነበር አይደል?” አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የመንግሥትን ንብረት ያለአግባብ ስለመያዝ ሕግ ጠቅሰው ጽፈውልኛል፤ አንዲትን ሴት የገዛ ጆሮዋን እንድትጠራጠር ያደረገ ሰው በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ወደ ድምፅ ቤት ተመልሼ ከምረቃው ቀን መቁጠር የነበረብኝን ቆጠርኩ። በአዲሱ ማሽን ውስጥ ያለው ስልሳ አንድ ቅጂ ነው። ስልሳ ሁለተኛው መሃል ላይ ተቆርጧል፤ አሮጊቷ “ከዚያ በኋላማ እኛ” ብለው ይቆማሉ። ሌሎቹ ሦስት መቶ ሃምሳ የሉም። ፍጥነቱንም፣ አንድም ጊዜ ያልተነበቡ ፋይሎችን እየመረጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ለካሁት፦ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አራት ሜጋባይት በሰከንድ። ከረጢቶቹን አንሥቼ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ሌሎች ፋይሎችን ስለካ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አለፈ። ስለዚህ ማሽኑ መልካም ማሽን መሆኑን በአደባባይ እመሰክርለታለሁ፤ የጎደለው አየር ብቻ ነው። ከረጢቶቹን በነበሩበት መልሼ አንጥፌአቸዋለሁ፤ የክብር እንግዶችን ሥራ ማፍረስ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይፈቀድም።

እንግዲህ ደብዳቤዎ በዚህ ወር ለምን እንደተጻፈልኝ መላው ከተማ ያውቃል። በሃያኛው ቀን ለምርጥ ዲጂታል ከተማ ሽልማት የሚገመግም ተቆጣጣሪ ከክፍለ ሀገሩ ይመጣል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ አሉን ብለው ስለጻፉለት አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ይጠይቃል። መቀመጫዬን አሁን የፈለጉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንዳደረግሁ በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። ቅጂዎቹን በሙሉ በሦስት ዲስክ ገልብጬ፣ እያንዳንዱን ፋይል ከዋናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሬ፣ በሦስት ቤት አስቀምጫለሁ፤ የትኞቹ ቤቶች እንደሆኑ አልጽፍም። ለተቆጣጣሪው በአደራ ደብዳቤ የግብዣ ወረቀት ልኬአለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ፣ ከልኬቶቹ ሰንጠረዥና ከማስወገጃው ቅጽ ፎቶ ጋር። በሃያኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ግቢ ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የእርስዎ እንደ ምረቃው ቀን ከአሥራ ስምንቱ ከረጢት ጋር፣ የእኔ ከአንዱ ጋር። ተቆጣጣሪው ራሱ ከሁለቱም ዘንድ ያሉ፣ በዚያ ቀን ያልተከፈቱ ፋይሎችን መርጦ ሦስት ጊዜ ያስነብባል። ቀጥሎም ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንትን ከሁለቱም ይጠይቃል። ግድግዳ ላይ ቁጥር የሚያበራ ሰው አያስፈልግም፤ መልሱን ሕዝቡ በጆሮው ይሰማዋል።

ክቡርነትዎ ከሃያኛው ቀን በፊት የቅጂዎቹን ግልባጭ ማግኘት ከፈለጉ መንገዱ ክፍት ነው፤ ቅጽም፣ ማኅተምም አልጠይቅም። እትዬ ዩዌመይ ቤት ሄደው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ “እትዬ፣ የደባለቅሁት እኔ ነኝ” ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ይህንንም ሦስት ጊዜ፤ አንዱን ብቻ አላምነውም። ግልባጩን በዚያው ቀን ከእርሳቸው እጅ ይቀበላሉ። እኔ እርስዎ እንደማይሄዱ ገምቼ ለሃያኛው ቀን ተዘጋጅቻለሁ፤ ሽልማቱ ለሌላ ከተማ ሲሄድ አንደኛ ረድፍ ላይ ለመቀመጥም ቦታዬን ይዣለሁ።

እትዬ ዩዌመይ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወደ ጎን ክፍሉ መምጣት ጀምረዋል። መጀመሪያ በመጡበት ቀን ቅጂውን ሳስነሣው እስከ ዜማው መጨረሻ ሰሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው “ይሄው አለ አይደል! ያ ባለ ክራቫት ገደለው እኮ!” አሉ። ያሉትን እንዳሉት አስፍሬዋለሁ።

የክቡርነትዎን ጊዜ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ስላባከንኩ፣ ነገር ግን የእትዬ ዩዌመይን አራት ዓመት ያህል ስላላባከንኩ፣ በዚህ ልዩነት እየተጽናናሁ፤ ለክፍልዎ ብዙ አየር፣ ለገመዶችዎ ልቅነት፣ ለሠራተኞችዎ ከምሳ የተረፈ ጥቂት ሰዓት እየተመኘሁ፤ ለመቀመጫ የተሰጠኝን ዕቃ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ለመስሚያ እንደማውለው በማረጋገጥ፣

ከማይጎድል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዣን ፉቲየን
የቶርኖ ሠራተኛ የነበረ፤ አሁን የአንድ ዋጋም ይዘትም የሌለው ኮምፒውተር ሕጋዊ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ከአዲሱ ማሽንዎ ላይ ያሉትን ከረጢቶች ሳነሣ የጀርባቸውን ቀን አንብቤዋለሁ። አሥራ ስምንቱም ከምረቃው ሦስት ወር በፊት ቀናቸው አልፎባቸዋል። ጊዜው ያለፈበት ከረጢት በማሽን ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል በዚህ ደሴት ላይ የሚነገረውን ያውቃሉና አልደግመውም።

ሁለተኛ ማስታወሻ፦ ከጠፉት ሦስት መቶ ሃምሳ አንዱ ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት ነው። ተናጋሪዋ እማማ ጁ ሺዩዪን ይባላሉ፤ ሻይ ለቃሚ ነበሩ፤ የእርስዎ አያት ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት የቀዳኋቸው እኔ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይናገራሉ። አስወግደው የፈረሙበት “ይዘት የለውም” እርሳቸውንም ይጨምራል። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ “ጃኦሺያንግ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ቅርጫቱ ሳይሞላ ‘ጨረስኩ አያቴ!’ ብሎ ወደ ቤት ይሮጣል። እጅህን ስትከትበት ከላይ ቅጠል ነው፣ ከታች ባዶ።” ከዚያ ደግሞ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ረጅም ነው። መስማት ከፈለጉ ሐሙስ ጠዋት ከእትዬ ዩዌመይ ቀጥሎ ተራ ይያዙ። በጎን ክፍሉ ወንበር ስለሌለ የሚቀመጡበትን ይዘው ይምጡ፤ አዲሱ ማሽን ለመቀመጫ ይሆንዎታል።